ወንድም ወይስ ባዳ?

ተከታታይ እውነተኛ ታሪክ

ክፍል 1፦ ነጩ ዱቄት

ፓሪስ፣ 1833። (በዚህ ታሪክ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንሴልም ፓየን እና ዣን ፍራንስዋ ፔርሶ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች የገብስ ብቅል በውሃ ዘፈዘፉ፤ ውሃውን አጠለሉ፤ በጠለለው ላይ አልኮል ጨመሩበት። ከሥር ነጭ ነገር ዘቀጠ። አድርቀው ዱቄት አደረጉትና ቆንጠር አድርገው በወፍራም የስታርች ሙቅ ውስጥ ጨመሩት። ሙቁ ቀጠነ። ቆየት ብሎም ጣፈጠ። ዱቄቱ የራሱን ክብደት 2000 እጥፍ የሚሆን ስታርች እንደሚያሟሟ ጽፈው አሳተሙ፤ ስሙንም ዲያስቴዝ አሉት። ዛሬ ኢንዛይም ከምንላቸው ነገሮች መካከል ተለይቶ ወጥቶ ስም የተሰጠው የመጀመሪያው ይህ ነው።

ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ዱቄቱን በዓይናቸው ባያዩትም ሥራውን ጠንቅቀው ያውቁታል። እርሾ ስታርችን እንዳለ መብላት አይችልም። ስታርች ግሉኮስ ከግሉኮስ ተቀጣጥሎ የሚሠራው ረጅም ሰንሰለት ነውና መጀመሪያ መቆራረጥ አለበት። ብቅል ወደ ጥንስሱ የሚገባው ለዚሁ ነው። ምራቃችንም ይህንኑ ይሠራል፤ እንጀራ አፋችን ውስጥ ትንሽ ሲቆይ የሚጣፍጠን በዚህ ምክንያት ነው። ምራቅ ስታርችን እንደሚለውጥ ጀርመናዊው ሎይክስ በ1831፣ ከፓሪሶቹ ሁለት ዓመት ቀድሞ ጽፎ ነበር።

ነገሩ የተወሳሰበው ዲያስቴዝ አንድ ነገር አለመሆኑ ሲታወቅ ነው። በብቅሉ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ። አንዱ የስታርችን ሰንሰለት መሐል ለመሐል ያገኘበት ቦታ ይቆርጠዋል። ሌላው ከጫፍ ጀምሮ ሁለት ሁለት ግሉኮስ እየቆጠረ ያነሣል፤ ማልቶስ የሚባለውን ስኳር የሚያወጣው እሱ ነው። ቢራ ጠማቂዎች ሁለቱን በሙቀት ይለያዩዋቸዋል። ድፍድፉ በ60 እና በ65 ዲግሪ ሴልሲየስ መካከል ሲቆይ ከጫፍ የሚያነሣው በደንብ ይሠራል፤ ሙቀቱ ከ70 ሲያልፍ እሱ ይሞትና መሐል ቆራጩ ብቻውን ይቀራል።

በ1920ዎቹ አጋማሽ ሪቻርድ ኩን፣ በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ኬሚስት፣ ሁለቱ ቆርጠው የሚጥሉትን ስኳር መረመረ። በግሉኮስ ቀለበት ላይ አንድ ወሳኝ ቦታ አለ፤ እዚያ ያለው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ወደ ታች ካመለከተ አልፋ፣ ወደ ላይ ካመለከተ ቤታ ይባላል። በስታርች ውስጥ ማያያዣዎቹ ሁሉ አልፋ ናቸው። መሐል ቆራጩ የሚያወጣው ስኳር እንደነበረ አልፋ ሆኖ ይወጣል። ከጫፍ የሚያነሣው ግን አልፋውን ተቀብሎ ቤታ አድርጎ ያወጣዋል።

ስማቸውም በዚሁ ጸና፤ አልፋ አሚሌዝ እና ቤታ አሚሌዝ። አንድ ፍሬ ውስጥ ያደሩ፣ አንድ ምግብ የሚቆርጡ፣ በስም የተጎራበቱ ናቸው። ያያቸው ሁሉ ወንድማማቾች ናቸው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ወንድማማቾች ከሆኑ ግን አንደኛው እንዳለ የሚተወውን ሌላው ለምን ይገለብጠዋል?

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል 2፦ ክፍተቱ

ባለፈው ሳምንት ያቆምንበትን ጥያቄ የመለሰው በወረቀት ላይ ያሰበ ሰው ነው። በ1953 ዳንኤል ኮሽላንድ፣ ኒው ዮርክ አቅራቢያ በሚገኘው በብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረ ወጣት ባዮኬሚስት፣ እንዲህ ሲል ተከራከረ። ማያያዣው በተቆረጠ ቁጥር ስኳሩ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። አንድ ጊዜ የቆረጠ ኢንዛይም ስኳሩን ገልብጦ ያወጣዋል። ሁለት ጊዜ የገለበጠ ግን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ስለዚህ አልፋ አሚሌዝ ሳይገለብጥ ቀርቶ አይደለም፤ ሁለቴ ገልብጦ ነው።

ቅርብ ሆነን እንየው። በእነዚህ ኢንዛይሞች ሆድ ውስጥ ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ የስታርቹ ሰንሰለት እዚያ ይገባል። በግራና በቀኙ ከኢንዛይሙ አካል የወጡ ሁለት አሲዶች ፊት ለፊት ቆመው ይጠብቁታል። በቤታ አሚሌዝ፣ አንደኛው አሲድ ማያያዣውን ሲያላቅቅ ሁለተኛው አንዲት የውሃ ሞለኪውል ይገፋና ስኳሩን ከጀርባው ታገኘዋለች። ሥራው በአንድ ምት ያልቃል፤ ስኳሩም ተገልብጦ ይወጣል። በአልፋ አሚሌዝ ግን ሁለተኛው አሲድ ራሱ ስኳሩን ይይዘዋል፤ ይህ የመጀመሪያው መገልበጥ ነው። ከዚያ ውሃ መጥታ ታላቅቀዋለች፤ ስኳሩ እንደገና ይገለበጣል።

የኮሽላንድ ሐሳብ ትክክል መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የኢንዛይሞቹ አካል በኤክስሬይ ሲታይ ነው። ሁለቴ በሚገለብጡት ውስጥ በሁለቱ አሲዶች መካከል ያለው ርቀት 5.5 አንግስትሮም ገደማ ነው። አንዴ በሚገለብጡት ውስጥ ወደ 10 አንግስትሮም ይጠጋል። አንግስትሮም ማለት የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። ልዩነቱ አንዲት የውሃ ሞለኪውል የምትቆምበት ቦታ ብቻ ነው! ውሃዋ በመሐል መቆም ካለባት አሲዶቹ ይራራቃሉ፤ ካልቆመች ይቀራረባሉ። ከዚህ ሁሉ ምርምር እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይህች ቁጥር ናት።

የኢንዛይምን አካል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየን የዴቪድ ፊሊፕስ ቡድን ነበር፤ በ1965፣ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን። ያዩት ከዶሮ እንቁላል ነጩ ክፍል የተገኘውን ላይሶዛይም ነው። እሱም ስኳር ቆራጭ ነው፤ የሚቆርጠው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው። አሚሌዞቹ ግን ገና አልታዩም ነበር። ላይሶዛይም 129 አሚኖ አሲዶች ሲኖሩት እነሱ 500 ገደማ አላቸው።

በ1980ዎቹ ጂን ማንበብ ተለመደና የኢንዛይሞች የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል በየመጽሔቱ ይጎርፍ ጀመር። ስም ሰጪው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ግን እያንዳንዱን የሚመዘግበው በሥራው ነበር። አልፋ አሚሌዝ 3.2.1.1፣ ቤታ አሚሌዝ 3.2.1.2። በመዝገቡ ላይ ታላቅና ታናሽ ይመስላሉ። በዚያ ጊዜ ግሬኖብል፣ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ተመራማሪ የሥራ መዝገቡን ወደ ጎን አደረገና ፊደላቱን ብቻ ማነጻጸር ጀመረ። ያገኘው ግን መዝገቡን የሚያናጋ ነበር።

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል 3፦ የግሬኖብሉ ቆጠራ

በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የልጁ ሥራ ግብርናም ይሁን ንግድ ዘሩን አይነግራቸውም፤ የሚጠይቁት የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ ነው። የግሬኖብሉ ተመራማሪ፣ በርናር ሄንሪሳ፣ በኢንዛይሞች ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ፕሮቲን በ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው። ሁለት ፕሮቲኖች ከአንድ ቅድመ አያት ከወረዱ ጽሑፋቸው በትውልድ ብዛት ቢለዋወጥም ቦታ ቦታ ይመሳሰላል። ሄንሪሳ መጀመሪያ የያዘው የእንጨትንና የሣርን አካል፣ ሴሉሎስን፣ የሚቆርጡትን ነበር። በ1989 ከባልደረቦቹ ጋር ሴሉሎስ ቆራጮችን በስድስት ቤተሰብ ከፈላቸው። ሁሉም አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ በዘር ግን ስድስት ቦታ የተለያዩ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስኳር ቆራጮችን በሙሉ ወሰደ። በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ ወደ 300 የሚጠጉ ቅደም ተከተሎችን በ35 ቤተሰቦች አስቀመጣቸው።

እስቲ 13ኛውን ቤተሰብ እንይ፤ የአልፋ አሚሌዝ ቤት እሱ ነው። የሰው ምራቅ አሚሌዝ እዚህ አለ። የቆሽታችን፣ የገብስ ብቅሉ፣ የሻጋታው፣ የአፈር ባክቴሪያውም እንዲሁ። ሰውና ገብስ፣ ሻጋታና ባክቴሪያ በዚህ ጉዳይ አንድ ቅድመ አያት ይጋራሉ ማለት ነው። ጽሑፋቸው እጅግ ተራርቋል፤ ሆኖም አራት አጫጭር ቦታዎች ላይ አሁንም ይመሳሰላሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች እነዚህን አራት ቦታዎች በ1986 ለይተው አውጥተዋቸው ነበር። በእነሱ ውስጥ ሦስት አሲዶች አሉ፤ ሁለቱ ባለፈው ሳምንት ያየናቸው ቆራጮች ሲሆኑ ሦስተኛው ስኳሩን አስተካክሎ ይይዛል። የቤተሰቡ ምልክት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። አደራ፣ አትርሷቸው፤ በኋላ ይፈልጉናል።

በዚሁ ቤት ያልተጠበቁ ሰዎች ሞልተዋል፤ ሰዎች ስል ኢንዛይሞቹን ማለቴ ነው። ስታርችን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን እንደ ቀለበት የሚያጋጥም አለ። የሰንሰለቱን ቅርንጫፍ ብቻ ለይቶ የሚያነሣ አለ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ቅርንጫፍ የሚሠራው ነው። ይህ ኢንዛይም ከአንድ ቦታ የቆረጠውን ወዲያው ሌላ ቦታ ይቀጥለዋል፤ በጉበታችን የሚከማቸው ግላይኮጅን ቅርንጫፍ የሚያወጣው በእሱ ነው። ሥራው ግንባታ ሆኖ ዘሩ ከአፍራሾቹ ዘር ነው።

ቤታ አሚሌዝስ? 14ኛ ቤተሰብ ሆኖ ብቻውን ተቀመጠ። አራቱ ቦታዎች የሉትም፤ ሦስቱ አሲዶችም በዚያ አቀማመጥ የሉም። የሻጋታው ሌላ ስታርች ቆራጭ፣ ግሉኮአሚሌዝ፣ ደግሞ 15ኛ ሆነ። ከፈላ ውሃ አቅራቢያ ከሚኖር ጥቃቅን ፍጡር የተገኘ፣ በሥራው አልፋ አሚሌዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ሲመረመር ደግሞ ከ13ኛው ጋር ምንም ዝምድና አልተገኘበትም። ዛሬ 57ኛ ቤተሰብ ውስጥ ነው። እንግዲህ በስም አልፋ አሚሌዝ የሆነ ባዳ አለ፤ በስም አሚሌዝ ያልሆነ ወንድምም አለ።

የ1833ቱ ነጭ ዱቄት ጉዳይ እዚህ ላይ የተዘጋ ይመስል ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች አይደሉም።

አካላቸው እስኪታይ ድረስ።

የሻጋታ አልፋ አሚሌዝ አካል በጃፓን በ1984 በዝርዝር ታትሞ ነበር። መሐሉ ላይ ስምንት ገመዶች ዙሪያውን ቆመው በርሜል ሠርተዋል፤ በርሜሉን ከውጭ ስምንት ጥምዝ ክሮች ከበውታል። በ1993፣ አሁንም በጃፓን፣ የአኩሪ አተር ቤታ አሚሌዝ አካል ታተመ። ተመራማሪዎቹ ገመዶቹን ቆጠሩ። ስምንት ነበሩ። በርሜል ሠርተዋል። ከውጭም ጥምዝ ክሮች ከበዋቸዋል።

በጽሑፍ ባዳ የተባሉት ሁለቱ በአካል ተመሳስለው ተገኙ።

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል 4፦ በአፋችን ውስጥ ያለው ዘመድ

በርካታ አንባቢዎች ያለፈውን ክፍል ካነበባችሁ በኋላ “እንግዲያው ወንድማማቾች ናቸው” ብላችሁ ይሆናል። አትቸኩሉ። ይህ በርሜል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1975 ከዶሮ ጡንቻ በወጣ ኢንዛይም ላይ ነው፤ ያ ኢንዛይም ከስታርች ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ አካላቸው ከታወቀ ኢንዛይሞች አንድ አሥረኛው ገደማ ይህን በርሜል ይዘው ተገኝተዋል። በርሜሎች ሁሉ ከአንድ ጥንታዊ ቅድመ አያት ይወርዳሉ የሚሉ አሉ፤ ምቹ ቅርጽ ስለሆነ ደጋግሞ ተፈጥሯል የሚሉም አሉ። ለእኛ ጉዳይ በርሜሉ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ምስክሩ አሲዶቹ በየትኛው ገመድ ጫፍ ላይ እንደቆሙና እንዴት እንደሚሠሩ ነው። በ13ኛው ቤተሰብ ሦስቱ አሲዶች በ4ኛው፣ በ5ኛውና በ7ኛው ገመድ ጫፍ ላይ ይቆማሉ። የቤታ አሚሌዝ አሰላለፍ ሌላ ነው፤ ክፍተቱም የውሃዋ ክፍተት ነው። ስለዚህ የግሬኖብሉ ፍርድ ጸና።

ግን ያው ምስክር በሌላ በኩል አዲስ ዝምድና አመጣ። ጽሑፋቸው ተራርቆ በተለያየ ቤተሰብ የተመዘገቡ፣ አሲዶቻቸው ግን በአንድ ቦታ ቆመው በአንድ መንገድ የሚሠሩ ቤተሰቦች ተገኙ። እነዚህ በአንድ ላይ ጎሳ ተባሉ። ትልቁ ጎሳ ኤ ነው። በአንጀታችን የወተትን ስኳር የሚቆርጠው ላክቴዝ 1ኛ ቤተሰብ ነው፤ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ለዚያው ስኳር የሚጠቀምበት 2ኛ ቤተሰብ ነው፤ ሁለቱም ግን የጎሳ ኤ ናቸው።

የአልፋ አሚሌዝ ጎሳ ኤች ይባላል። 13ኛው፣ 70ኛውና 77ኛው ቤተሰብ በውስጡ አሉ። 70ኛው በቀላሉ አልታወቀም። ጽሑፉ ከ13ኛው ጋር ሲደረደር አይገጥምም ነበር፤ የሚመሳሰሉት ቦታዎች አሉ፣ ቅደም ተከተላቸው ግን ተዘበራርቋል። በ1996 ማክግሬገር፣ የስፐርሰንና ስቬንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች መፍትሔ አቀረቡ። በርሜሉ ያው ነው አሉ፤ ጽሑፉ የሚጀምርበት ገመድ ግን ተቀይሯል። በአንዱ መጀመሪያ የሚነበበው በሌላው ወደ ኋላ ሄዷል፤ ዙሪያውን ስትዞሩት ግን አንድ ነው። ሐሳቡ ከታተመ ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ የ70ኛው ቤተሰብ አካል በክሪስታል ታየ። ልክ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ።

ይህ 70ኛ ቤተሰብ የት እንደሚኖር ላሳያችሁ። ጥርሳችን ላይ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ስኳር ያለበት ሻይ ስንጠጣ በ70ኛው ቤተሰብ ኢንዛይሙ ስኳሩን ይቆርጣል፤ ግሉኮሱንም አንድ በአንድ እየቀጠለ የሚያጣብቅ ሙጫ ይሠራል። ባክቴሪያው በዚያ ሙጫ ጥርስ ላይ ይለጠፋል፤ የሚያመርተውም አሲድ ጥርስን ይቦረቡራል። ዳቦ በሻይ ስንበላ እንግዲህ አንድ አፍ ውስጥ ሁለት ዘመዳሞች ይሠራሉ። የምራቃችን አሚሌዝ ዳቦውን ይቆርጣል፤ የሩቅ ዘመዱ ከሻዩ ስኳር ጥርስ የሚያበላሸውን ሙጫ ይሠራል።

የዘር ቆጠራው በአፍና በአንጀት፣ በገብስና በሻጋታ ብቻ የሚቀር መስሎ ነበር። በ1992 ግን በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ያሉ ተመራማሪዎች ከምግብ መፈጨት ጋር የማይገናኝ ጂን እየፈለጉ ሳለ ከኩላሊት ያወጡትን አነበቡ። ጽሑፉ የ13ኛው ቤተሰብ ነበር።

ኩላሊት ውስጥ ስታርች የለም። ይህ አሚሌዝ እዚያ ምን ይሠራል?

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል 5፦ ኩላሊት ውስጥ የተገኘው (የመጨረሻ ክፍል)

ተመራማሪዎቹ ይፈልጉ የነበሩት አሚኖ አሲዶችን ወደ ሴል የሚያስገባ ፕሮቲን ነበር። ያገኙትን አርባት ብለው ሰየሙት። ስታርች ይቆርጣል ወይ ቢባል አይቆርጥም። ሥራው ሌላ ነው። አሚኖ አሲድ የሚያስገባ ጓደኛ ፕሮቲን አለው፤ አርባት ያንን ጓደኛ ወደ ሴሉ ገጽ ያደርሰዋል። ብቻውን የቀረ ጓደኛ ቦታው ላይ አይደርስም።

በ1994 ጉዳዩ ወደ ሕክምና ተሻገረ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃይድ ዎላስተን በ1810 ከሰው ፊኛ የወጣ እንግዳ ጠጠር መርምሮ ነበር፤ ጠጠሩ የተሠራው ሲስቲን ከሚባል አሚኖ አሲድ ነው። ሲስቲን በሽንት ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ኩላሊት መልሶ ካልመጠጠው ይጠራቀምና ጠጠር ይሆናል። ሲስቲኑሪያ የሚባለው ይህ በሽታ በዘር የሚተላለፍ ነው። የ1994ቱ ጥናት በአንዳንድ ሕሙማን ላይ የተበላሸው ጂን የአርባት ጂን መሆኑን አሳየ። በቤተሰባችሁ በልጅነት ወይም በወጣትነት ጀምሮ የሚመላለስ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ካለ፣ የወጣው ጠጠር ከምን እንደተሠራ እንዲመረመር ሐኪሙን ጠይቁ። ሲስቲን ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው ከሌላው ጠጠር ይለያል።

አርባት በሰውነታችን ወንድም አለው፤ 4ኤፍ2ኤችሲ ይባላል። የእሱ አካል በ2007 ታተመ። በርሜሉ እንዳለ ነው፤ ስምንቱ ገመዶች ቆመዋል። በሦስተኛው ክፍል አደራ ያልኳችሁ አሲዶች ግን በቦታቸው የሉም። መቁረጫው ጠፍቶ አካሉ ቀርቷል፤ አካሉም አዲስ ሥራ ይዟል። ዝግመተ ለውጥ የድሮውን አካል ለአዲስ ሥራ እንዴት እንደሚያውል ከዚህ የጠራ ማስረጃ አላውቅም።

የሄንሪሳ መዝገብ ካዚ በሚል ስም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማርሴይ ላይ ይጠበቃል። 35 የነበሩት ቤተሰቦች ከ180 አልፈዋል። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ዛሬ የአንድ ባክቴሪያ ጂኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነበባሉ፤ ስማቸውን የሚሰጠው ኮምፒውተር ነው። 13ኛ ቤተሰብ የመሰለውን ሁሉ “አልፋ አሚሌዝ” ብሎ ይለጥፍበታል። ቤተሰቡ የሚነግረን የአካሉን ቅርጽና፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አንዴ ይገለብጥ ወይም ሁለቴ መሆኑን ነው። ስታርች ይቁረጥ፣ ቅርንጫፍ ይሥራ፣ ቀለበት ያጋጥም ወይም እንደ አርባት ምንም አይቁረጥ፣ ስሙ አያረጋግጥም።

ይህ ሩቅ አገር ያለ ጉዳይ አይደለም። ከኢትዮጵያ የሶዳ ሐይቆች የወጡ ስታርች የሚቆርጡ ባክቴሪያዎችን የሚገልጽ ጥናት በ2001 ታትሟል። እንደ አብያታና ሻላ ባሉ ሐይቆች ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ኢንዛይሙ ሶዳ ይችላል፤ ሶዳ የሚችል አሚሌዝ ደግሞ ለልብስ ሳሙና ይፈለጋል። በእነዚህ ሐይቆች ላይ ለምትሠሩ ወጣት ተመራማሪዎችና ለመምህሮቻችሁ ይህን እለምናለሁ። ኮምፒውተሩ የሰጣችሁን ስም እንደ መጨረሻ መልስ አትቀበሉ። ቤተሰቡን ቁጠሩ፣ ሦስቱ አሲዶች በቦታቸው መኖራቸውን እዩ፤ ከዚያ ኢንዛይሙን አውጥታችሁ እንደ ፓየንና እንደ ፔርሶ ስታርች ሙቅ ላይ ሞክሩት።